የአመለወርቅ ዘጠኝ

ሐሙስ ጠዋት በእኛ ብሎክ ልጆች ይጠየቃሉ።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የግራውንዱ መብራት ቢጫ ይሆናል፤ ልጆቹ ቦርሳቸውን እንዳዘሉ ከበሩ እስከ ደረጃው ሥር ይሰለፋሉ። ጠያቂው ግድግዳው ውስጥ ነው። ፊት የለውም። ድምፁ የወንድም የሴትም አይደለም፤ ጉንፋን ይዞት የማያውቅ ሰው ድምፅ ነው። "እንደምን አደርሽ? በዚህ ሳምንት ሰውነትሽ እንዴት ነበር? ከዜሮ እስከ አሥር ንገሪኝ" ይላል። ልጅቷ ቁጥሯን ትናገራለች። ቀጥሎ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ጨዋታዋ፣ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ሐዘኗ ትጠየቃለች። ጠያቂው ያመሰግናል፤ "ቀጣይ" ይላል። አለቀ።

ከሰባት በላይ ያለ ልጅ ሕክምና አያስፈልገውም። ከአራት በታች ያለውን መኪና መጥቶ ይወስደዋል። መሐል ላይ ያለው ይጠብቃል። የሦስተኛ ፎቅ መንትዮች ፈተና ሲደርስ "ሁለት" ይላሉ፤ መኪናው ወስዶ፣ መርምሮ፣ ብርቱካን አብልቶ ይመልሳቸዋል። ጠያቂው አይጠረጥርም። ሥራው ማመን ነው።

ዕድሜው ከአሥራ አራት ያለፈውን ማንም አይጠይቀውም። እኔ ሃምሳ ሦስት ሞልቶኛል፤ ጉልበቴን ካመመኝ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንድም ግድግዳ "ይርጉ፣ እንዴት አደርክ?" ብሎኝ አያውቅም።

ሕጉ ክፉ አይደለም። ይህን ሳልናገር ብቀጥል ግፍ ይሆንብኛል። እኔ ልጅ ሳለሁ የልጅ ሕመም የሚለካው በአባቱ ጉሮሮ ነበር። መጮህ የሚችል አባት፣ ዘመድ ያለው አባት ልጁን ያስተኛል፤ አፍ የሌለው ልጁን ታቅፎ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። ታናሽ እህቴ "አልቃሻ ናት እንጂ ምንም የላትም" ተብላ ወደ ቤት ተመለሰች። ከሦስት ቀን በላይ አልቆየችም። ስለዚህ የልጅ ቃል ሕግ ሲወጣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ስለ ልጁ ሰውነት ከልጁ በቀር ማንም እንዳይናገር። ጥሩ ሕግ ነው። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም፤ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፦ ጥሩ ቧንቧም ቢሆን ሲያፈስ የሚያፈሰው ማንም ከማያየው መገጣጠሚያው ላይ ነው።

አሁን ሁለት ሺህ ሰባ ዓ.ም. ነው። የምንኖረው ደብረ ብርሃን፣ ሊፍቱ ከቆመ ዓመታት ባለፉት ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። አመለወርቅና እናቷ ትርንጎ ስድስተኛ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የአመለወርቅን ያወጣው መልአክ ግን ትንሽ አብዝቶታል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ደረጃ ላይ ካገኘችኝ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ፣ "እንዴት አደሩ ጋሼ? እትዬ የሺመቤት ደህና ናቸው? ጉልበትዎ ተሻለዎት?" ትላለች። የዕድር ሰብሳቢ እንጂ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አትመስልም። "የዘንድሮ መዋጮ ስንት ነው እትዬ?" ስላት አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። እሷን ስጠይቃት መልሷ አንድ ነው፦ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ጠዋት "እንዴት አደርሽ?" ብላት፣ "ጉሮሮዬን ያመኛል፣ ሌሊት አለቀስኩ፣ እማዬ ደግሞ ሥራ ገብታለች" ብላ ዘረገፈችው። "ተይ የኔ ልጅ" አልኳት፤ "እንዲህ አይባልም። ሰው እንዴት አደርሽ ሲልሽ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው መልሱ። የቀረው የቤት ነው።" ከረሜላም ሰጠኋት። በአንድ ቀን ያዘችው። ለእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ጎበዝ ናት።

በሰባት ዓመቷ ትምህርት ቤት ውስጥ ወደቀች። ራሱን የሳተ ልጅ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ያን ቀን ታከመች። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ለትርንጎ እንደነገራት የልቧ አንድ በር አይገጥምም፤ ወደ ፊት የሚገፋው ደም ወደ ኋላ ያፈስባታል። ቫልቭ ማለት ነው፤ ይህ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልገውም። መነሻው ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ በየወሩ መርፌ ትወጋ፤ ቁጥሯ ሲወርድ ለቀዶ ጥገና ትገባለች አለ። የጉሮሮ ሕመም የምትለዋን ትርንጎ ስትነግረኝ እኔ የኩሽናዋን ቧንቧ እያጠበቅኩ ነበር። ማጥበቄን ቀጠልኩ። 

አመለወርቅ ነቃች። ሐሙስ ደረሰ። ጠያቂው ጠየቃት። "ዘጠኝ" አለች።

በሚቀጥለውም ሐሙስ ዘጠኝ። ነርሷ በየወሩ ስድስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከች እየወጣች መርፌውን ዓመት ሙሉ ወጋቻት፤ ከዚያ በኋላ በትርንጎ በር ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ በራ፦ "ፍላጎት የለም።" ነርሷ መምጣት አቆመች።

እኔ ነገሩን ያየሁት ባለፈው ሚያዝያ ነው። አመለወርቅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየፎቁ መዞሪያ ላይ ቁጢጥ ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ሁለተኛ ፎቅ ታስራለች፣ ሦስተኛ ፎቅ ታስራለች፣ የእኔ በር ላይ ረዘም አድርጋ ታስራለች። እኔ ደግሞ ማሾፌን መቼ እተወዋለሁ? "ያንቺ ጫማ ምን ሆኖ ነው እንደ ሰነፍ ተማሪ በየደረጃው የሚፈታው?" እላታለሁ። ቀና ሳትል ትስቃለች። ሳምንት ሙሉ አሾፍኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከጎኗ ተንበርክኬ የውሃ ቆጣሪ ስከፍት ጫማዋን አየሁት። ማሰሪያ የለውም። ዝም ብሎ እግር የሚከተትበት ጫማ ነው። ጣቶቿ ባዶ ቆዳ ላይ ይመላለሳሉ፤ ከንፈሯ ዳር ዳሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ አንገቷ ላይ ያለው የደም ሥር እንደ ተዘጋ ቱቦ ይዘላል።

"ደህና ነሽ?" አልኳት፣ ሳላስበው።

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለችና ተነሥታ ወጣች።

በማግስቱ መዞሪያው ላይ በርጩማ አኖርኩ። "ለማን ነው ጋሼ?" አለችኝ። "ለጉልበቴ" አልኳት። "ታዲያ እኔ አልቀመጥበትም፤ የትልቅ ሰው ነው" ብላ አጠገቡ ቁጢጥ አለች፤ ጫማዋን ለማሰር።

የደረጃው ግድግዳ ይሰማል፤ ስለዚህ ትርንጎን ጣሪያው ላይ፣ የውሃ ታንከሮቹ ጋ ጠራኋት። ነፋስ ነበር። ከፋብሪካ መመለሷ ነው፤ የሥራ ልብሷን አላወለቀችም።

"ምነው ጋሽ ይርጉ? ቧንቧዬ ደህና ነው።"

"ስለ ቧንቧ አይደለም። ልጅሽ በየደረጃው ጫማዋን ታስራለች።"

ፊቷን ወደ ከተማው አዞረች። "አይቻለሁ።"

"ጫማው ማሰሪያ የለውም።"

"የገዛሁላት እኔ ነኝ ጋሽ ይርጉ። ማሰሪያ እንደሌለው አውቃለሁ።"



"ታዲያ አትነግሪያትም?"

"የገዛኸኝን ልጅ ረሱት?"

አልረሳሁትም። የሁለተኛ ፎቁ ገዛኸኝ ልጁን ጆሮው ሲመግል ጊዜ ደረጃ ላይ "ሁለት በል፣ ሁለት" ብሎ ሹክ አለው። ግድግዳው ሰማ። ሰው ያቀበለው ቃል የልጅ ቃል አይደለም፤ የልጁ ቃል ለስድስት ወር ታሸገ፣ ያለ እሱ ቃል ደግሞ ማንም አላከመውም። ሲከፈትለት በግራ ጆሮው አይሰማም ነበር።

"ያከማትን ሐኪም ባለፈው ገበያ ውስጥ አገኘሁት" አለች ትርንጎ። "መርፌው ቆመ ስለው ግራና ቀኝ አየና 'ክረምቱ ሳይገባ አምጫት' አለኝ። ምን ብዬ ላምጣት? ብናገር ይታሸጋል። ዝም ብል…" የሥራ ልብሷን ቁልፍ ያዘች፤ ፈታችው፤ መልሳ ቆለፈችው። "እርስዎ የሚያፈስ ነገር ያውቃሉ። ይንገሩኝ እስቲ።"

የታንከሩን ክዳን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እስከ ባለፈው ሳምንት የማውቀው ማሾፍ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ አመለወርቅን ግቢው ውስጥ፣ ከግድግዳው ራቅ ብላ የተሰጣ ልብስ ስትጠብቅ አገኘኋት። ስለ ሰውነቷ አልጠየቅኳትም፤ ሕጉን አውቃለሁ።

"ያ ጠያቂ እንዴት ነው? ጨዋ ነው?"

"በጣም! እንደምን አደርሽ ሳይል አይጀምርም።"

"አንቺስ ምን ትይዋለሽ?"

"ደህና እለዋለኋ። እንግዳ አይደል እንዴ? እንግዳ ላይ ይማረራል? ደግሞ ስንት ልጅ ይጠይቃል መሰለዎት፤ ይደክመዋል።"

"እንዲህ ከሆነማ አሥር በይው፣ ደስ ይበለው።"

ደነገጠች። "አሥር እኮ ጉራ ነው ጋሼ።"

ሰኞ የልጆች ቁጥር ወደሚመዘገብበት ቃል ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። አንዲት ወጣት መስኮት ውስጥ ተቀምጣለች፤ ፊቷ የሚጠላ አይደለም።

"ልጅቷ ዘጠኝ ናት" አለችኝ።

"ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታለከልካለች።"

"እሷ እንደዚያ አላለችም። አባቷ ነዎት?"

"አባቷ የለም። ጎረቤት ነኝ።"

ቅጹን ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገች። "ጎረቤት የሚል ቦታ የለውም" አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እኔም ብሆን ባምንዎ ደስ ይለኝ ነበር" አለችና መስኮቷን ዘጋች።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ የሺመቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። "እንዴት ዋልክ?" አለችኝ።

"ደህና፣ ተመስገን" አልኩና ወንበር ላይ ወድቄ ሱሪዬን ሰብስቤ ጉልበቴን ቅባት መቀባት ጀመርኩ። ጥርሴን ነክሼ።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ይርጉ" አለች፣ "አንተም ዘጠኝ ነህ።"

ማክሰኞ ጠዋት አመለወርቅ ስትወርድ በሬ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።

"እንዴት አደሩ ጋሼ?"

"መጥፎ አዳር ነው ያደርኩት" አልኩ። ድምፄ ደረጃው ውስጥ አስተጋባ። "ጉልበቴን አሞኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አፍሬ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ የሺመቤትን አልቀሰቀስኳትም።"

እንደዚያ ስትደነግጥ አይቻት አላውቅም። ዙሪያዋን አየች፤ ሰው እንዳይሰማኝ።

"ጋሼ… እንዲህ ይባላል እንዴ?"

"አይባልም ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነው። እኔ የማወራው ስለ ራሴ ጉልበት ነው፤ ስለ ራስ ጉልበት ማውራት ሕግ አይከለክልም።" የመጨረሻዋን ለግድግዳው ነው የተናገርኩት።

ሥራው ቀላል አልነበረም። "ደህና" የምትለው ቃል ከሠላሳ ዓመት በላይ ምላሴ ላይ ተቀምጣለች፤ እንደ ዛገ ብሎን ናት። ስንት ጊዜ አምልጣኝ ወጥታ መልሼ ጠርቻታለሁ! ግን ሌሎቹም ጀመሩ። ማንም አልተሰበሰበም፣ ማንም አልተማከረም። የአምስተኛ ፎቋ እትዬ ሙሉነሽ፣ "እንዴት አደሩ?" ብላት፣ አፏን ከፍታ ቆየችና "ልጄ ከደወለ አራት ወሩ ነው" አለች፤ ከዚያ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ሳታቋርጥ ተናገረች፤ እኔም በዚያ ጉልበቴ ተከትያት ወረድኩ። ገዛኸኝ "ልጄን በግራ በኩል ስጠራው አይዞርም። ያኔ ያልኩትን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም" አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ "ደህና፣ ደህና" ስንባባል የወጣንበት የወረድንበት ደረጃ ነው። ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል ነገር ተሸክሞ እንደሚወጣበት አላውቅም ነበር።

አመለወርቅ ቆማ ታዳምጣለች። 

ሐሙስ ደረሰ። ዘጠኝ አለች።

ትርንጎ ያን ቀን ከደረጃው ሥር ቆማ ሰማች። ፊቷ እንደተዘጋ በር ሆነ። ግንቦት ሊያልቅ ነበር። ደመናው በሰሜን በኩል ጀምሯል።

በሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት የሦስተኛ ፎቁን ቆጣሪ ስቀይር እናትና ልጅ አብረው ወረዱ። ትርንጎ ከአዳር ሥራ ገና መግባቷ ነበር፤ ልጇን ልትሸኝ ነው። አመለወርቅ እንደ ልማዷ ቁጢጥ ብላ ጫማዋን ያዘችና፣ ትንፋሿን ለመሸፈን ይመስለኛል፣ "እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?" አለች።

ትርንጎ ግድግዳውን አየች። ከዚያ ልጇን።

"ፈርቼ አደርኩ" አለች።

"ምን ፈራሽ?"

"እሱን አልነግርሽም። ግን ፈርቼ ነው ያደርኩት። ትናንትም ፈርቼ ነው ያደርኩት። ከትናንት በስቲያም።"

አመለወርቅ እጇን ከጫማዋ ላይ አነሣች። እናቷን ከታች ወደ ላይ አየቻት። ተያይዘው ወረዱ፤ እኔም መፍቻዬን የት እንዳስቀመጥኩ ጠፋኝ።

ሐሙስ ግራውንድ ላይ የማያፈስ ቧንቧ ስጠግን ተገኘሁ። መብራቱ ቢጫ ሆነ። መንትዮቹ አለፉ፤ ስምንት፣ ስምንት። ሌሎችም አለፉ። አመለወርቅ ደረሰች።

"እንደምን አደርሽ አመለወርቅ? በዚህ ሳምንት ሰውነትሽ እንዴት ነበር? ከዜሮ እስከ አሥር ንገሪኝ።"

የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ያዘች።  ትርንጎ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጆቿን ጉልበቶቿ መሐል ከታቸዋለች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች አመለወርቅ፤ ለግድግዳው። "ሦስት።"

መብራቱ አልተለወጠም። "ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ ነበርሽ" አለ ጠያቂው፣ በዚያው ድምፅ። "ይህን ቁጥር የነገረሽ ሰው አለ?"

"የለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ማንም ስለ እኔ አልተናገረም። ሁሉም ስለ ራሳቸው ነው የሚናገሩት።"

"በዚህ ሳምንት ምን ተለወጠ?"

"ምንም አልተለወጠም" አለች። ትንፋሽ ወሰደች፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ። "ድሮም ሦስት ነበር።"

ጠያቂው ዝም አለ። ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም። 

"አመሰግናለሁ አመለወርቅ" አለ። "እዚያው ተቀመጪ። መኪና እየመጣ ነው።" ከዚያም፣ "ቀጣይ።"

ትርንጎ ሮጣ አቀፈቻት። አመለወርቅ ግን በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ የምታየው እኔን ነበር።

"ጋሼ፣ አሳፈርኩዎት?"

  "በርጩማውን እጠብቅልሻለሁ" አልኳት።

መዘግየታችንን ሐኪሞቹ አልሸሸጉም። በጊዜ ቢሆን ይጠገን የነበረው በር መጠገን አልቻለም፤ አውጥተው ሌላ ገጠሙላት። ዕድሜዋን ሙሉ መድኃኒት ትወስዳለች። ሁለት ጊዜ "በቃ" ብለን ነበር፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ገዛኸኝ የዕድሩን ድንኳን ቁልፍ ይዞ መጣና የሺመቤት አባረረችው። ክረምቱ አለፈ።

መስከረም አጋማሽ ላይ የእናቷን እጅ ይዛ ተመለሰች። ቀጥናለች፤ ቁመት ጨምራለች። እኔ አራተኛ ፎቅ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይዤ ነበር። ቀስ ብላ ወጣች። ጫማዋን አልነካችም። መዞሪያው ላይ ስትደርስ በርጩማውን አየችው፤ ከዚያ ምንም ሳትል ተቀመጠችበት። ደረቷ ውስጥ አዲሱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

"እንዴት ዋልሽ?" አልኳት።

ቶሎ አልመለሰችም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ውስጥ ያለ ሰው እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ አዳመጠች።

እኔም መፍቻዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ጠበቅኳት።